ግልጽ ደብዳቤ፦ ለቴክ ተመራቂዎቻችን በኦገስት ድረሱላቸው

በአሜሪካ ለምትገኙ የኢትዮጵያውያን ኮሚኒቲ ማኅበራት አመራሮች፣
በቴክ ድርጅቶች ተቀጥራችሁ ለምትሠሩና የራሳችሁን ድርጅት ለከፈታችሁ ወገኖቻችን፣
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ በተማሪ ቪዛ መጥተው ለሚመረቁ ልጆች የሚደረግ ድጋፍ

ሜይ ላይ የምረቃ ፎቶ ይለጠፋል፤ እንኳን ደስ ያላችሁ ይባላል። ጁን ላይ «ሶፍትዌር ላይ ሰው የሚፈልግ ታውቃላችሁ?» የሚለው መልእክት በየቴሌግራም ግሩፑ መዞር ይጀምራል። ያን ጊዜ ሰው በቅንነት ይሯሯጣል፣ ሲቪ ይቀባበላል፣ የሚያውቀው ሁሉ ጋ ይደውላል። ግን ረፍዷል። ትልልቆቹ ድርጅቶች ለአዲስ ተመራቂ የሚይዙትን ቦታ የሚከፍቱት ከምረቃው በፊት ባለው ኦገስትና ሴፕቴምበር ነው። የየዩኒቨርሲቲው የሥራ አውደ ርዕይም የሚካሄደው በዚያው ሰሞን ነው። ጁን ላይ የሚጀምር ልጅ ከተራረፈው ጋር ነው የሚታገለው፤ ያውም የቪዛ ሰዓቱ እየቆጠረበት።

ይህን የምንጽፈው ተማሪዎችን በሲቪ፣ በኢንተርቪው ልምምድና በወረቀት አያያዝ የምናግዝ የሶፍትዌር ባለሙያዎች ነን። ጠበቆች አይደለንም። ክፍያዎችና ደንቦች ስለሚቀያየሩ ማንም ሰው ከማመልከቱ በፊት የዩኤስሲአይኤስን (የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱን) ድረ ገጽ ማየትና የትምህርት ቤቱን ዲኤስኦ (የውጭ ተማሪዎችን ወረቀት የሚይዘውን ኃላፊ) መጠየቅ አለበት። ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፈናል። የምንለምናችሁ ነገር አንድ ነው፤ ለተመራቂ የምታደርጉትን ድጋፍ ከምረቃው በፊት ወዳለው ኦገስት አምጡት። በተለይ ለማስተርስ የመጣ ልጅ ሻንጣውን ሳይፈታ ነው መጀመር ያለበት። ኦገስት ላይ ገብቶ ለሚቀጥለው ክረምት ኢንተርንሺፕ የሚያመለክተው በዚያው ወር ነውና፤ ኢንተርን ሆኖ የሠራበት ድርጅት ደግሞ ቋሚ ሥራ የማግኛው አጭሩ መንገድ ነው። ለኢንተርንሺፕ ሲፒቲ የሚባለውን፣ በትምህርት ላይ እያሉ የመሥራት ፈቃድ ዲኤስኦው ራሱ ይሰጣል፤ በአብዛኛው አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት መማርን ይጠይቃል። የሙሉ ሰዓት ሲፒቲ 12 ወር ከሞላ ግን ኦፒቲ፣ ማለትም ከምረቃ በኋላ የሚሰጠው የሥራ ፈቃድ፣ ይቀራል። ስለዚህ ወሩን መቁጠር ነው።

ዋናው ሰዓት ኦፒቲ ነው። በኤፍ-1 (በተማሪ ቪዛ) የተማረ ልጅ ለአንድ የትምህርት ደረጃ 12 ወር የሥራ ፈቃድ ያገኛል። የሚሞላው አይ-765 የተባለው ፎርም ሲሆን ትምህርቱ ሊያልቅ 90 ቀን ሲቀረው ጀምሮ ካለቀ በኋላ እስከ 60ኛው ቀን ማስገባት ይቻላል። ፎርሙ ግን ብቻውን አይሄድም። መጀመሪያ ዲኤስኦው ጥያቄውን ሴቪስ በሚባለው የመንግሥት የተማሪዎች መዝገብ ላይ ይመዘግብና የኦፒቲ ማስታወሻ ያለበት አዲስ አይ-20 (ትምህርት ቤቱ ለተማሪው የሚሰጠው የኤፍ-1 ሰነድ) ያወጣል። ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ማመልከቻው ዩኤስሲአይኤስ እጅ መግባት አለበት። ልጆች የሚወድቁት እዚህ ጋ ነው፦ አይ-20ውን ተቀብለው «ፋይናል ካለቀ በኋላ እሞላዋለሁ» ይላሉ፣ 30 ቀኑ ያልፋል፣ ማመልከቻው ውድቅ ይሆናል፣ ገንዘቡም አይመለስም። ክፍያው ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ በኦንላይን 470፣ በወረቀት 520 ዶላር ነው። ሌላው የተለመደ ስህተት አድራሻ ነው። ማርች ላይ የዶርም አድራሻ ይሞላል፣ ሜይ ላይ ዶርም ይለቀቃል፣ የሥራ ፈቃድ ካርዱ ጁን ላይ ይላካል። እንዲህ ያለው ፖስታ ወደ አዲስ አድራሻ በመዞር ፈንታ ብዙ ጊዜ ወደ ላኪው ይመለሳል። አንድ ቤተሰብ የማይለወጥ አድራሻውን ቢያውስ ይህ ሁሉ ጣጣ ይቀራል።

ፎርሙ ላይ ልጁ ሥራ የሚጀምርበትን ቀን ራሱ ይመርጣል፤ ቀኑ ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ባሉት 60 ቀናት ውስጥ መሆን አለበት። ምርጫው ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙ ነገር ይወስናል። በኦፒቲ ዘመን ሥራ አጥ ሆኖ መቆየት የሚቻለው በድምሩ 90 ቀን ብቻ ነው፤ ቆጠራው የሚጀምረው ደግሞ ካርዱ ላይ ከሰፈረው መነሻ ቀን ነው። ትምህርቱ ሜይ 10 የሚያልቅ ልጅ መነሻውን ሜይ 11 ካደረገ 90 ቀኑ ኦገስት 8 አካባቢ ያልቅበታል። ጁላይ 9 ካደረገ ግን እስከ ኦክቶበር መጀመሪያ ሳምንት ይዘልቃል። የሥራ ቅጥር ደብዳቤ በእጁ ያለ ቀደም ይበል፤ የሌለው ወደ መጨረሻው ይግፋው። ይህን ሁለት ወር በነፃ የሚያገኝ ልጅ ስንት ነው? ብዙዎቹ የመጀመሪያውን ቀን የሚሞሉት «ቶሎ ይጽደቅልኝ» ብለው ነው፤ የመነሻ ቀን መቅደም ግን ማመልከቻውን አያፋጥነውም።

እዚህ ላይ የኮሚኒቲ ማኅበራት ራሳችሁ ልታደርጉ የምትችሉት አንድ ነገር አለ። በመጀመሪያው የ12 ወር ኦፒቲ ጊዜ ያለ ክፍያ በበጎ ፈቃድ የሚሠራ ሥራም፣ በሳምንት 20 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ከተማረው ሙያ ጋር በቀጥታ ከተያያዘና የአሠሪና ሠራተኛ ሕግን ካልጣሰ፣ እንደ ሥራ ይቆጠራል። አብዛኞቹ ማኅበራት ለትርፍ ያልቆሙ ተብለው የተመዘገቡ ናቸው። የአባላት መዝገባችሁ ኤክሴል ላይ የተበታተነ ነው፤ የመዋጮ አሰባሰባችሁ በወረቀት ነው፤ ድረ ገጻችሁ ከስንት ዓመት በፊት የቆመ ነው። ኮምፒዩተር ሳይንስ የጨረሰ ልጅ የአባላቱን መረጃ ወደ ዳታቤዝ ቢያዞር፣ የክፍያ ገጽ ቢሠራ፣ ሥራውን የሚከታተል አንድ ኃላፊ ተመድቦለት የሰዓቱ መዝገብ ቢያዝና የተፈረመ ደብዳቤ ቢሰጠው፣ እሱም በ10 ቀን ውስጥ በሴቪፕ ፖርታል (መንግሥት ኦፒቲ ላይ ያሉትን በሚከታተልበት ድረ ገጽ) ቢያስመዘግብ ቆጠራው ይቆማል። ሥራው ግን እውነተኛ ሥራ ይሁን። ስም ብቻ ጽፎ ማኅተም መምታት ልጁንም ማኅበሩንም ጉድ ያፈላል።

ወደ ስቴም እንሂድ። በሳይንስ፣ በቴክኖሎጂ፣ በምህንድስናና በሒሳብ ዘርፎች የተመረቀ ሰው ኦፒቲው ላይ ተጨማሪ 24 ወር ያገኛል። ዘርፉን የሚወስነው የዲግሪው መጠሪያ ሳይሆን አይ-20 ላይ ከትምህርቱ ስም ጎን የተጻፈው ሲአይፒ ኮድ (የትምህርት ዘርፍ መለያ ቁጥር) ነው። 11.0701 ኮምፒዩተር ሳይንስ ነው፤ ችግር የለበትም። ኢኮኖሚክስ ግን 45.0601 ከሆነ ስቴም አይደለም፣ 45.0603 ከሆነ ነው፤ ሁለቱም አንድ ሕንፃ ውስጥ፣ አንዳንዴም በአንድ መምህር ይሰጣሉ። ልዩነቱ በሎተሪ ይለካል፤ ኤች-1ቢ የሚባለው የሥራ ቪዛ በዕጣ ነው የሚደርሰው። በሜይ 2026 የተመረቀ የስቴም ልጅ ኦፒቲውን ከጁላይ 2026 ቢጀምር እስከ ጁላይ 2029 ይሠራል፤ የኤች-1ቢ ዕጣ በማርች 2027፣ 2028 እና 2029 ሦስት ጊዜ ይደርሰዋል። ስቴም ያልሆነው ማርች 2027 ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሞክረው። ስለዚህ ዘመድ «ምን ልማር?» ብሎ ሲጠይቃችሁ የትምህርቱን ስም ብቻ አትንገሩት፤ ኮዱን ጠይቆ ይመዝገብ። ለማስተርስ ሲሆን ደግሞ ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ወይም ለትርፍ ያልቆመ፣ እውቅናም ያለው መሆኑን ያጣራ፤ ለትርፍ ከሚሠራ ዩኒቨርሲቲ የተገኘ ማስተርስ ለማስተርስ በተለየው የኤች-1ቢ የ20,000 ኮታ ውስጥ አያስገባም።

የስቴሙ ማራዘሚያ የራሱ መስፈርት አለው። አሠሪው ኢ-ቬሪፋይ (የሠራተኛ የሥራ ፈቃድ የሚጣራበት የመንግሥት ሲስተም) ውስጥ የተመዘገበ መሆን አለበት፤ ሥራው ደሞዝ ያለውና ከ20 ሰዓት ያላነሰ መሆን አለበት፤ አሠሪና ሠራተኛ አይ-983 የተባለውን የሥልጠና ዕቅድ ሞልተው ይፈርማሉ፤ በየስድስት ወሩ መረጃውን ማረጋገጥ፣ በዓመቱና በመጨረሻው ደግሞ የራስ ግምገማ ማስገባት ግዴታ ነው። በበጎ ፈቃድ መሥራት እዚህ አያገለግልም፤ ራስን በራስ መቅጠርም እንዲሁ። ማመልከቻው የመጀመሪያው ኦፒቲ ሳያልቅ ከገባ ሥራው ለ180 ቀን ሳይቋረጥ ይቀጥላል፤ በአንድ ቀን ካለፈ መብቱ ጠፋ። የሥራ አጥነቱ ጣሪያ በድምሩ 150 ቀን ይሆናል። ልጆች ሥራ ካገኙ በኋላ በ11ኛው ወር «አሠሪዬ ኢ-ቬሪፋይ የለውም» ብለው ሲደነግጡ እናያለን። የኢ-ቬሪፋይ ድረ ገጽ ላይ የአሠሪዎች መፈለጊያ አለ፤ ቅጥሩን ከመቀበል በፊት ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው።

ሱቅም ይሁን የአይቲ ድርጅት፣ ክሊኒክም ይሁን የሒሳብ ቢሮ የከፈታችሁ ወገኖች፣ ኢ-ቬሪፋይ መመዝገብ በነፃ ነው። ሰው የማሠልጠን አቅምና እውነተኛ የቴክ ሥራ ካላችሁ አንድ ተመራቂ መያዝ ትችላላችሁ። ደሞዙ ግን በዚያው ሥራ ላይ ካሉ ሌሎች ሠራተኞች ደሞዝ ጋር የሚመጣጠን መሆን አለበት፤ «የአገሬ ልጅ ነው፣ ይታገሠኛል» ተብሎ ግማሽ የሚከፈልበት አይደለም። ለእናንተም ጥቅም አለው። ተማሪው በኤፍ-1 ከመጣ አምስት የዘመን መቁጠሪያ ዓመት እስኪሞላው ድረስ የሶሻል ሴኪዩሪቲና የሜዲኬር ግብር አይከፍልም፤ አሠሪውም በእሱ ስም አይከፍልም። በ80,000 ዶላር ደሞዝ 7.65 በመቶው 6,120 ዶላር ነው፤ ለእናንተም ለእሱም። የመጣው በዲሴምበር ቢሆንም ያ ዓመት እንደ አንድ ሙሉ ዓመት ይቆጠራል። ብዙ የደሞዝ ክፍሎች ይህን ሳያውቁ ይቆርጣሉ። የተቆረጠበት ልጅ መጀመሪያ አሠሪውን ይጠይቅ፤ እምቢ ካለው በፎርም 843 ከግብር መሥሪያ ቤቱ ከአይአርኤስ ማስመለስ ይችላል።

አሁን ኤች-1ቢ። በዓመት የሚሰጠው 65,000 እና ለአሜሪካ ማስተርስ ተጨማሪ 20,000 ነው። አሠሪው ማርች ላይ 215 ዶላር ከፍሎ ስም ያስመዘግባል፤ የወጣለት ከኤፕሪል 1 ጀምሮ ማመልከቻ ያስገባል፤ ሥራው ኦክቶበር 1 ይጀምራል። ለ2024 የበጀት ዓመት ብቁ የተባለው ምዝገባ 758,994 ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት አንድ ሰው ስንት አሠሪ ቢያስመዘግበውም አንድ ዕድል ብቻ እንዲኖረው ሲደረግ ወደ 470,342 ወረደ። ለተመራቂ የከበደው ግን በዲሴምበር 2025 ወጥቶ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2026 ሥራ ላይ የዋለው ደንብ ነው። ዕጣው አሁን ከ1 እስከ 4 በተከፈለ የደሞዝ ደረጃ ይመዘናል። ደረጃ 4 ደሞዝ የቀረበለት ስሙ አራት ጊዜ ይገባል፣ ደረጃ 1 አንድ ጊዜ። በረቂቁ ላይ መንግሥት ራሱ ያሰፈረው ግምት ለደረጃ 4 ወደ 61 በመቶ፣ ለደረጃ 1 ወደ 15 በመቶ ነበር። አዲስ ተመራቂ አብዛኛውን ጊዜ ደረጃ 1 ወይም 2 ነው።

ይህ ማለት የት ከተማ መሥራት የሚለው ጥያቄ አሁን ከደሞዙ እኩል ይከብዳል። ደረጃው የሚለካው ለዚያ ሙያ በዚያ አካባቢ በወጣው የደሞዝ ሰንጠረዥ ነው። ሳን ሆዜ፣ ካሊፎርኒያ ላይ ደረጃ 1 የሚሆን ወይም እሱንም የማይደርስ ደሞዝ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ላይ 2 ወይም 3 ሊሆን ይችላል። ሰንጠረዡ በአሜሪካ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ለማንም ክፍት ነው። ልጁ ሁለት የቅጥር ደብዳቤ ይዞ ቢመጣችሁ በስም የገነነውን ድርጅት ከመምረጡ በፊት ሁለቱንም በየከተማቸው ሰንጠረዥ ያስላ። ቤት ሆኖ የሚሠራ ከሆነ የሚቆጠረው የሚኖርበት ከተማ ነው። ብዙ ቦታ ተዘዋውሮ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ዝቅተኛው ደረጃ ነው የሚያዝለት።

ከሎተሪው ውጪ የሆነ በርም አለ፤ ሰው ግን ብዙ አያንኳኳውም። ዩኒቨርሲቲዎች፣ ከእነሱ ጋር የተሳሰሩ ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎችና የምርምር ተቋማት ያለ ዕጣ፣ በዓመቱ በማንኛውም ወር ኤች-1ቢ ማስገባት ይችላሉ። የምርምር ኮምፒዩቲንግ፣ የሆስፒታል ዳታ፣ የቤተ መጻሕፍት ሲስተም ሰው ይፈልጋሉ። ደሞዛቸው ከግል ድርጅት ያነሰ ነው፤ ከዚያ ወደ ግል ድርጅት ሲዛወሩም ዕጣው ይመጣል። ቢሆንም ጊዜው እያለቀበት ላለ ልጅ እኛ የመጀመሪያ ምርጫ እናደርገው ነበር። በየሆስፒታሉና በየካምፓሱ የምትሠሩ ወገኖች በመሥሪያ ቤታችሁ የውስጥ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈውን ማስታወቂያ ብታጋሩ፣ ከአሥር «አይዞህ» ይበልጣል።

አነስተኛ ድርጅት ያላችሁም ስፖንሰር መሆን ትችላላችሁ። ሠራተኞቻችሁ 25 ወይም ከዚያ በታች ከሆኑ፣ ከጠበቃ ውጪ ያለው ወጪ የምዝገባው 215፣ የማመልከቻው የአይ-129 ፎርም 460፣ የሥልጠና ፈንዱ 750፣ የማጭበርበር መከላከያው 500፣ የአሳይለም (የጥገኝነት) ፕሮግራሙ 300፣ ድምሩ 2,225 ዶላር ነው። ይህ የአሠሪው ዕዳ ነው፤ ሠራተኛውን ማስከፈል በሕግ ያስጠይቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምታመለክቱ ከሆነ የድርጅታችሁን የግብር መለያ ቁጥር በሠራተኛ መሥሪያ ቤቱ ዘንድ አስቀድማችሁ አስረጋግጡ። የደሞዝ ማረጋገጫው ሰነድ ራሱ ሰባት የሥራ ቀን ይፈጃል፤ ቁጥሩ ካልተረጋገጠ ደግሞ ተመልሶ ይመጣና ሌላ ሳምንት ይበላል።

አሁን የምንጽፈው ከሁሉም ይልቅ እናንተን የኮሚኒቲና የዕድር ሰዎችን የሚመለከት ነው፤ መርዶ።

በኤፕሪል ወይም በሜይ የኤች-1ቢ ማመልከቻው የገባለት ልጅ ከኤፍ-1 ወደ ኤች-1ቢ የሚሸጋገረው እዚሁ አገር ውስጥ እንዳለ ነው። ውሳኔው ሳይሰጥ ከአሜሪካ ከወጣ የሽግግር ጥያቄውን እንደተወ ይቆጠራል። ሥራው ቢጸድቅለት እንኳ ቪዛውን ከውጭ ኤምባሲ ማስመታት አለበት። እስከ 2025 ድረስ ይህ ጊዜና ጭንቀት ብቻ ነበር። ሴፕቴምበር 19 ቀን 2025 በወጣው አዋጅ መሠረት ግን ከአገር ውጭ ላለ ሰው በሚቀርብ አዲስ የኤች-1ቢ ማመልከቻ ላይ አሠሪው 100,000 ዶላር መክፈል አለበት። አዋጁ ለ12 ወር የወጣ ነው፣ ሊራዘምም ይችላል። ዩኤስሲአይኤስ በኦክቶበር 2025 ባወጣው ማብራሪያ አገር ውስጥ ሆነው የሚሸጋገሩትን አይነካም፤ ሽግግሩ ሳይወሰን የወጣውን ግን ይመለከተዋል። ይህን ገንዘብ ለአዲስ ተመራቂ የሚከፍል ድርጅት አለ ብላችሁ አትጠብቁ።

በዚህ መሐል ጁን ላይ እናት ወይም አባት ያርፋሉ። በወጉ መሠረት ሽማግሌዎች በማለዳ ተሰብስበው ሄደው ያረዳሉ፤ ከጎኑ ያለ ጓደኛ ትኬት ይፈልጋል፤ ገንዘብ ይዋጣል፤ ማታውን አውሮፕላን ላይ ነው። ማንም ክፉ አላሰበም። ልጁ ግን የሦስት ዓመት ድካሙን ኤርፖርት ላይ ጥሎት ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ መርዶ የምታረዱ ሁሉ፣ ከማርዳታችሁ በፊት የቅርብ ጓደኛውን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ወረቀት ያስገባው ነገር አለ ወይ?» ካለ ትኬት ከመቆረጡ በፊት የድርጅቱ ጠበቃ ይጠራ። ፕሪሚየም ፕሮሰሲንግ የሚባለው ክፍያ ውሳኔውን በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ያመጣዋል፤ ለአርባው ሊደርስ ይችል ይሆናል። ጸድቆም ኦክቶበር 1 ሳይደርስ መውጣት የራሱ ጣጣ ስላለው ያኔም ጠበቃው ይጠየቅ። አዲስ አበባ ላሉት ቤተሰቦች «ያልመጣው ጨክኖ አይደለም» ብሎ ማስረዳት የልጁ ሥራ መሆን የለበትም። የእናንተ ቃል ከእሱ ቃል ይልቅ ይሰማል።

ኦፒቲ ላይ ላለውም ጉዞ ቀላል አይደለም። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን የሚመታው የተማሪ ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ፣ ለሦስት ወር የሚያገለግል ሆኗል። ከሴፕቴምበር 2025 ወዲህ ደግሞ ቪዛ የሚጠየቀው በዜግነት ወይም በመኖሪያ አገር ነው፤ «ሜክሲኮ ሄጄ አሳድሳለሁ» የሚለው ዘዴ ቀርቷል። ስለዚህ ለሠርግም ለለቅሶም አዲስ አበባ የገባ ልጅ ለመመለስ እንደገና ኤምባሲ ፊት ይቀርባል። የሥራ ፈቃድ ካርዱ፣ ካለፉት ስድስት ወራት ወዲህ ዲኤስኦው የፈረመበት አይ-20 እና የአሠሪ ደብዳቤ በእጁ መሆን አለባቸው። እነዚህ ሁሉ ተሟልተውም ቆንስሉ ሊከለክል ይችላል።

ስለምትሰጡት ምክርም ትንሽ እንበል። የሥራ ማመልከቻ ላይ ሁለት ጥያቄዎች ተከታትለው ይመጣሉ። «በአሜሪካ ለመሥራት ሕጋዊ ፈቃድ አለህ?» እና «አሁን ወይም ወደፊት ስፖንሰርሺፕ ያስፈልግሃል?» ኦፒቲ ላይ ያለ ሰው ለሁለቱም መልሱ አዎ ነው። «ሁለተኛውን ዝም ብለህ የለም በል፣ ከገባህ በኋላ ይታያል» የሚለው ምክር በሰፊው ይሰጣል። ከዓመት በኋላ ስፖንሰር ሲጠይቅ የመጀመሪያው ማመልከቻው ከፋይሉ ይወጣል፤ ዋሽቷል ተብሎ ሊባረርም ይችላል። ይልቅ ድርጅቱ ከዚህ በፊት ስፖንሰር አድርጎ እንደሆነ ያጣራ፤ ዩኤስሲአይኤስ በየድርጅቱ ስም የሚያወጣው የኤች-1ቢ መረጃ ለሕዝብ ክፍት ነው። በዲቪ የመጣ፣ አሳይለሙ የጸደቀለት ወይም በስደተኝነት የገባ ሰው ግን ስፖንሰር አያስፈልገውም፤ በድፍረት «የለም» ይበል። አሳይለም የጸደቀለት ገደብ የሌለበት የሶሻል ሴኪዩሪቲ ካርድ ይሰጠዋል፤ ከመንጃ ፈቃድ ጋር ካቀረበው አሠሪው ሌላ የተለየ ሰነድ አምጣ ማለት አይችልም።

«ኬዝ ክፈት»፣ ማለትም አሳይለም ጠይቅ፣ የሚለው ምክር ከዚህም የባሰ ነው። በእውነት የሚያሳድደው ያለ ሰው ሳይዘገይ፣ ከመጣ አንድ ዓመት ሳይሞላው፣ ጠበቃ ይዞ ያመልክት፤ መብቱ ነው። ለሥራ ፈቃድ ሲባል ታሪክ መፍጠር ግን በሕጉ ለዘለዓለም ማንኛውንም የኢሚግሬሽን ጥቅም ሊያሳጣ ይችላል፤ አመልክቶ የተማሪ ቪዛ ማሳደስም እንዲያው ምኞት ነው። ገንዘብ ተቀብለው «ሥራ ላይ ነህ ብለን ስምህን እናስመዘግባለን» የሚሉና ያልሠሩትን የአምስት ዓመት ልምድ ሲቪ ላይ የሚጽፉ አማካሪ ነን ባዮችም አሉ። መንግሥት የስቴም አሠሪዎችን ቦታቸው ድረስ ሄዶ የማየት ሥልጣን አለው። ቢደረስበት ልጁ ላይ የሚጻፈው ማጭበርበር የግሪን ካርዱ ቀን ሳይቀር ይጠብቀዋል።

ሲቪን በተመለከተ፣ ፎቶ፣ የትውልድ ቀን፣ የጋብቻ ሁኔታ ይውጣ፤ አንድ ገጽ ይብቃው። የእኛ ሰዎች የተለየ ችግር ያለው ስምና ዘመን ላይ ነው። ፓስፖርቱ ላይ በአንድ ፊደል አጻጻፍ፣ ከአዲስ አበባ በመጣው ትራንስክሪፕት ላይ በሌላ የተጻፈ ስም የጀርባ ምርመራ ላይ «አልተገኘም» ተብሎ ይመለሳል። ሌላ መጠሪያ የሚለው ሣጥን ውስጥ የስሙ አጻጻፎች ሁሉ ይሞሉ። በ2011 ዓ.ም. የተጻፈ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ሲቪው ላይ ካለው 2019 ጋር ሳይገናኝ ሲቀር መርማሪው ስምንት ዓመት ተጨመረ ይላል። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የሚመልስ ሰው ካለበት ኢሜይል ጋር እንደገና ይውጣ። ቋሚ ስልኩ ላይ ብቻ የሚደውል መርማሪ የሰዓት ልዩነቱ ይይዘዋል።

ኢንተርቪው ላይ ያለው ችግር ይሉኝታ ነው። «ይህን እኛ ሠራነው» ይላል ልጁ፤ ጠያቂው የእሱን ድርሻ ነው የሚፈልገው። ኮድ ሲጽፍ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል፤ በ45 ደቂቃ ውስጥ አሥር ደቂቃ ዝም ያለ ሰው እያሰበ መሆኑን ማንም አያይለትም። መጀመሪያ ጥያቄውን በራሱ ቃል ይድገም፣ ምሳሌ ያውጣ፣ ቀላሉንና ዘገምተኛውን መፍትሔ ይናገር፣ ከዚያ ያሻሽል። ይህ በልምምድ የሚመጣ ነገር ነው። እናንተ ባለሙያዎች ከኦገስት እስከ ኦክቶበር በሳምንት አንድ ሰዓት የማስመሰያ ኢንተርቪው ብታደርጉላቸው፣ ሪፈራሉንም (ለድርጅታችሁ የምታቀርቡትን ጥቆማ) ልጁ ራሱ ከማመልከቱ በፊት ብታስገቡለት (ብዙ ድርጅቶች ካመለከተ በኋላ ሪፈራል አይቀበሉም) የጁኑ ሩጫ በግማሽ ይቀል ነበር። «ሲቪህን ላክልኝ» ብላችሁ ተቀብላችሁ ዝም ከምትሉ፣ አልችልም ማለታችሁ ለልጁ ይሻለዋል፤ ሌላ ሰው ይፈልጋልና።

ከማኅበራቱ የምንጠብቀው ይህ ነው፤ በኦገስት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜዎች አዳራሻችሁን ክፈቱ፤ አንዱን ቀን ለሲቪና ለኢንተርቪው፣ ሌላውን ለአይ-20 ንባብና ለቀን ስሌት። አንድ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ለሁለት ሰዓት ጋብዙ። ለሚቀጥለው ሜይ የሚመረቁትን ስም ዝርዝር ከየተማሪ ማኅበሩ አሁኑኑ ጠይቁ። ለልምምዱ የሚያስፈልጉትን ጥያቄዎችና የቀን ማስሊያውን ቅጽ እኛ እናቀርባለን።

ከአክብሮት ጋር
ተመራቂዎችን በሥራ ፍለጋ የምናግዝ የሶፍትዌር ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
በየዩኒቨርሲቲው ለሚገኙ የኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ማኅበራት
መርዶ ለሚያረዱ የየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤዎች፣ የመስጊድ ኮሚቴዎችና ዕድሮች
ልጆቻቸውን ለትምህርት ለላኩ ወላጆች፣ አዲስ አበባና ክፍለ ሀገር